የዲዳ ማንጎዎች

ሐረገወይን ገብረወልድ በሕይወቷ የቀናችው በአንድ ሰው ብቻ ነው። ግን አጥብቃ ነው የቀናችው። ሌላው ሰው ቅናቱን ለጎረቤቱም ለዘመዱም ለባልደረባውም ሲያከፋፍለው እሷ የዕድሜዋን ሁሉ አጠራቅማ በአንድ ሰው ላይ ደፋችው። ያም ሰው ዲዳ ነው። ስሙን ሰምታችሁ መናገር የማይችል እንዳይመስላችሁ፤ የቦረና ስም ነው። እሱ እንደሆነ ሰው ካጣ ከላም ጋርም ያወራል።

ዛሬ ነገሌ ቦረና ብትሄዱ ሐረገወይንን ለማግኘት አትቸገሩም። የግብርና ጽሕፈት ቤቱ የፍራፍሬ ባለሙያ ናት። ፀሐይ ያጠየማት፣ ሰፊ ባርኔጣዋን ቢሮ ውስጥም የማታወልቅ፣ ችግኝ ያደረቀ ገበሬ ስታይ ድምጿ ሦስተኛ ቤት ድረስ የሚሰማ ሴት ናት። ስሟ ቢጠፋባችሁ "የጋሼ ገብረወልድ ልጅ" ብትሉ ይበቃል። እሷም እንዲህ ስትባል ደስ ይላታል፤ ለዚህ ስም ስትል ያደረገችውን የሚያውቁት ግን ጥቂቶች ናቸው።

አባቷ አቶ ገብረወልድ በደርግ ጊዜ ከወሎ የእርሻ ሚኒስቴር ሠራተኛ ሆነው መጡ። ለሁለት ዓመት ተብለው ነበር፤ እዚያው ቀሩ። ወይዘሮ ሮማነወርቅን አግብተው ሦስት ወንዶችና አንዲት ሴት ወለዱ። ወንዶቹ አንዱ ሾፌር፣ ሁለቱ ነጋዴ ሆኑ፤ አፈር ነክተው አያውቁም። ሴቲቱ ግን ገና መራመድ ስትጀምር ከአባቷ ኋላ ኋላ ነበረች። ነገሌ ውሃ በአህያ በጀሪካን ነው የሚገዛው፤ ያን ውሃ ዛፍ ላይ መድፋት ለጎረቤት እብደት ነበር። አቶ ገብረወልድ ግን ሎሚም፣ ፓፓያም፣ ጊሽጣም ነበራቸው። አመሻሽ ላይ ሁለቱ የዕቃ እጣቢውን በባልዲ ተሸክመው ግቢውን ይዞራሉ። ለየትኛው ዛፍ ስንት ጣሳ እንደሚገባ የሚያውቁት እሳቸውና እሷ ብቻ ነበሩ። ሐረገወይን ከዚያ የበለጠ ነገር በዓለም ላይ አለ ብላ አታስብም ነበር።

በ1993 ዓ.ም. ዲዳ መጣ።

የዲዳ አባት የሊበን ወረዳ ከብት አርቢ፣ የአቶ ገብረወልድ የድሮ ወዳጅ ነበር። ያለፈው ዓመት ድርቅ ከብቱን ጨርሶበት፣ ከተረፉት ላሞች አንዷን እየነዳ፣ ልጁን አስከትሎ ከበሩ ቆመ። ልጁ ዘጠነኛ ክፍል ይግባ፣ እናንተ ቤት ይደር፣ ላሟም ከእናንተ ጋር ትሁን አለ። ይህ ስጦታም ኪራይም አይደለም። በእነሱ ዘንድ ዳባሬ ይባላል፤ ላሟ የባለቤቷ እንደሆነች ትቀራለች፣ ወተቷን ግን ወዳጅ ይጠጣዋል። በዚያች ላም አማካይነት ሁለቱ ቤቶች አንድ ሆነው ይኖራሉ።

ዲዳ በገባ በሳምንቱ የሎሚው ዛፍ ቅጠል መርገፍ ጀመረ። አቶ ገብረወልድ በሽታ ነው ብለው አመድ ነሰነሱበት። ሐረገወይንም በሽታ ነው አለች። ዲዳ ዛፉን ሁለት ጊዜ ዞረው፣ ተንበረከከ፣ ጆሮውን መሬት ላይ አደረገ።

"ጋሼ፣ ምስጥ ነው" አለ። "ከምሥራቁ በኩል ነው የገባው። ቅጠሉ በዚያ በኩል ነው ቀድሞ የጠወለገው።"

ቆፈሩ። ምስጥ ነበር። አቶ ገብረወልድ እጃቸውን በልጁ ትከሻ ላይ አሳርፈው "ይሄ ልጅ ዐይን አለው" አሉ።

ነገሩ ይህ ብቻ ነው። አራት ቃል ነው። ሐረገወይን ግን ከዚያች ቀን ጀምሮ ያቺን ንግግር እንደ እሾህ ይዛት ኖረች። እሷ አሥር ዓመት ሙሉ ባልዲ ተሸክማለች፤ ዐይን አላት ያላት የለም። ጎበዝ ተብላለች፣ ታዛዥ ተብላለች፣ የኔ ሸጋ ተብላለች። ዐይን አላት ግን አልተባለችም። በማግስቱ አመሻሽ ላይ ባልዲውን ለማንሳት ስትሄድ ዲዳ ቀድሟት አንሥቶታል። "እኔ ልያዝልሽ፣ ይከብድሻል" አላት በደግነት። ደግነቱ ነው የባሰ ያናደዳት።

መጥፎ ሰው ቢሆን ኖሮ ጥሩ ነበር፤ ትጠላውና ትገላገል ነበር። እሱ ግን ጧት "አካም ቡልቴ፣ ሐረጌ?" ብሎ የሚጠይቅ፣ ለእናቷ እንጨት የሚፈልጥ፣ ያልገባውን ሒሳብ እሷን ለምኖ የሚማር፣ ከገባውም በኋላ "ሐረጌ ናት ያስተማረችኝ" ብሎ በየቦታው የሚያወራ ሰው ነው። እንዲህ ያለውን ሰው መጥላት ሥራ ይጠይቃል። ሐረገወይን ሥራ አትፈራም።

በ1997 ሁለቱም አለፉ፤ ሁለቱም አንድ ዩኒቨርሲቲ፣ ሁለቱም የአትክልትና ፍራፍሬ ትምህርት ክፍል ደረሳቸው። ከነገሌ በክብረ መንግሥት አድርገው፣ ቦሬ ላይ በብርድ እየተንቀጠቀጡ ምሳ በልተው፣ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሄዱ። አቶ ገብረወልድ አውቶብሱ ሥር ቆመው "ተያዩ" አሉ። እሷን እያዩ አልነበረም ያሉት፤ ወይም ለሷ እንደዚያ መሰላት። ቅናት የያዘው ሰው የሰውን ዐይን አቅጣጫ መለካት ይወዳል።

በፈተና ሐረገወይን ትበልጠው ነበር። ይህን መናገር አለብኝ፤ እሷ ራሷ ልትረሳው ትፈልጋለችና። የአፈር ኬሚስትሪ እሷ ኤ፣ እሱ ሲ። ስታቲስቲክስ እሷ ኤ፣ እሱን እሷ አስጠንታው ቢ። ማሳ ላይ ሲወጡ ግን ሌላ ነው። የቲማቲሙ መደብ ላይ ውሃ የበዛው የቱ ጋ እንደሆነ እሱ ከመንገድ ዳር ቆሞ ይናገራል። መምህራኑ ይስቃሉ፣ ይደነቃሉ፣ ስሙን ይይዛሉ። እሷ ኤዋን ይዛ ትቆማለች።

እሑድ እሑድ ከግቢው በር ፊት ለፊት ካለው ስልክ ቤት ወደ ነገሌ ትደውላለች። አባቷ ከቤታቸው አጠገብ ካለው ከሳቢር ሱቅ ስልክ ያነሣሉ።

"ደህና ነሽ ልጄ? ትምህርቱ እንዴት ነው?"

"ደህና ነው አባዬ። ፈተናው ላይ..."

"እሰይ። ዲዳስ? አጠገብሽ አለ? እስቲ አቅርቢልኝ፣ ስለ ሎሚው የምጠይቀው ነበር።"

ስለ ሎሚው እሷን ቢጠይቋት ምን ነበረበት? እሷ አይደለችም እንዴ የሎሚ በሽታ ላይ ወረቀት የጻፈችው? ስልኩን ሰጥታው ዞር ትላለች። ዲዳ ጆሮው ላይ አጣብቆ አዎ ለማለት "ኤዬ ጋሼ፣ ኤዬ" ይላል፤ ይስቃሉ። የሚከፍለው የእሷ ሳንቲም ነው።

ሦስተኛ ዓመት ላይ የማዳቀል ትምህርት መጣ፤ የጥሩ ዛፍ ቀንበጥ ቆርጦ በሌላ ችግኝ ግንድ ላይ ማብቀል ማለት ነው። አስተማሪያቸው ዶክተር ደቻሳ የችግኝ ጣቢያው ኃላፊ፣ ሰውነታቸው ቀጭን፣ ሕጋቸው ወፍራም ነው። ሕጋቸውም አንድ ነው፦ የማንጎ ቀንበጥ ከተቆረጠ በኋላ ቅጠሉ ይረግፋል፣ እርሳስ የሚያህል እንጨት ሆኖ ይቀራል፤ ከየትኛው እናት ዛፍ እንደተቆረጠ የሚናገረው በሽቦ የታሰረበት መለያ ወረቀት ብቻ ነው። "አስታውሳለሁ የሚል ተማሪ አልፈልግም" ይሉ ነበር። "ይመስለኛል የሚልም አልፈልግም። ወረቀቱ ያለው ነው እውነቱ።" የተሳሳተ ቀንበጥ ያዳቀለ ሰው ስሕተቱን የሚያውቀው ዛፉ ሲያፈራ፣ ከአራት ዓመት በኋላ ነው። ስለዚህ ወረቀት ይታመናል፤ ዐይን አይታመንም።

በዚያ ዓመት ዶክተር ደቻሳ ለአንድ ተማሪ ሽልማት አሰቡ። ጣቢያው ውስጥ አዲስ ዝርያ የያዘች አንዲት እናት ዛፍ ነበረች፤ ፍሬዋ ትልቅ፣ ክር የሌላት፣ እንደ ቅቤ በማንኪያ የምትበላ። ከሷ ቀንበጥ ለማንም አይሰጥም። ለዲዳ ግን አሥር ቀንበጥ ቆርጦ በራሱ ጊዜ እንዲያዳቅል ተፈቀደለት። ለቀረው ተማሪ፣ ሐረገወይንንም ጨምሮ፣ መለማመጃ ከአጥሩ ሥር ካለው ተራ ማንጎ አሥር አሥር ቀንበጥ ታደለ። የዚያን ማንጎ ፍሬ የግቢው ዘበኞች እንኳ አይለቅሙትም ነበር።

ሐረገወይን ያን ዕለት ምን እንዳሰበች እነግራችኋለሁ። ለክፋት አልነበረም የጀመረችው። ዐይኗ ላይ የመጣው የነገሌው ግቢ ነው። ያችን ዝርያ ይዛ ገብታ "አባዬ፣ ይኸው" ስትል፣ አባቷ ፍሬውን ገምጠው ቀና ብለው ሲያዩዋት ታያት። ዲዳ ያችን ዝርያ የትም ሊተክላት ይችላል፤ ለእሷ ግን ቦታዋ አንድ ነው። ይገባኛል አለች። ይገባኛል ካሉ በኋላ የቀረው ቀላል ነው።

እኩለ ቀን ነበር። የሱና የሷ የቀንበጥ እስሮች በእርጥብ ጋዜጣ ተጠቅልለው ጥላው ሥር፣ አንድ ጣውላ ላይ፣ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ዲዳ እጁን ሊታጠብ ወደ ቧንቧው ሄደ። ሐረገወይን የሁለቱን ሽቦ ፈታች፣ ወረቀቶቹን አለዋወጠች፣ መልሳ አሰረች። ዲዳ እጁን ሱሪው ላይ እየጠረገ ሲመጣ ቢላዋዋን እየሳለች ነበር። እስሩን አንሥቶ ፈታ፣ አንዱን እንጨት ወደ ብርሃን አቅርቦ ትንሽ አየው፣ ወረቀቱን አየ፣ ከዚያም ሥራውን ጀመረ። ያችን ትንሽ ቆም ማለቱን እሷ አየች።

አሁን የሆነውን ስሙ። ዲዳ ያዳቀላቸው አሥሩም ያዙ፤ ተራውን ማንጎ ነው ያዳቀለው፣ ግን እጁ የነካው ነገር አይደርቅም። ሐረገወይን በሰረቀችው ቀንበጥ አሥር አዳቀለች። ስንጥቁ ትክክል ነበር፣ የፕላስቲክ ማሰሪያውም ትክክል ነበር፣ መጽሐፉ ያለውን ሁሉ አድርጋለች። ግን ችግኞቿ ከእሱ ችግኞች አጠገብ ነበሩ፤ እሱ ጧት ማታ እዚያ ነበር፤ እሷ ደግሞ ፊቱን ማየት ፈራች። አንድ ቀን ቀረች፣ ሁለት ቀን ቀረች፣ የችግኞቹ መጠለያ ጨርቅ የተቀደደ ጊዜ ሳታይ ቀረች። በሦስተኛው ሳምንት አሥሩም ጠቁረው ደረቁ። ዲዳ "እኔ ላጠጣልሽ ብዬ ነበር፣ የራሴን ሥራ ነካብኝ እንዳትይኝ ብዬ ተውኩት" አላት፤ እውነተኛ ኀዘን ነበር ፊቱ ላይ። ያን ዕለት ዶርሟ ገብታ አለቀሰች። ያለቀሰችው ግን ለጥፋቷ አልነበረም፤ እሱ ስለያዘለትና ለሷ ስላልያዘ ነው።

ተመረቁ። ሐረገወይን በሐምሌ 1999 ቤቷ ገባች። አንድ ሳምንት አልሞላም፣ አንድ አይሱዙ በራቸው ላይ ቆመ፤ ዲዳ ከኋላ ወረደ። በሸሚዝ ብቻ ነበር። ጃኬቱንና ጋቢውን የቦሬ ብርድ እንዳይመታቸው ለአሥር ችግኞች አልብሶ ነበር የመጣው።

"ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? አካም ጂርቱ?" አለ። ችግኞቹን አንድ በአንድ እያወረደ ከአቶ ገብረወልድ እግር ሥር ደረደራቸው። "አባቴ ላም ይዞልዎት መጣ። እኔ ላም የለኝም፤ ያለኝ ይኸው ነው። ዳባሬ ነው። ዛፉ የኔ፣ ፍሬው የናንተ። ዶክተር ከፈቀዱልኝ ቀን ጀምሮ ለአንቱ ነው ብዬ ነው ያሰርኩት።"

አቶ ገብረወልድ አንዱን ችግኝ አንሥተው ቅጠሉን ዳሰሱ። ወይዘሮ ሮማነወርቅ እልል አሉ። ሐረገወይን በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ መቃኑን ያዘች። ለአባቷ አመጣለሁ ብላ የሰረቀችው ለካ ከመጀመሪያውም ለእሳቸው የታሰበ ነበር። ያን ጊዜ መናገር ትችል ነበር። አፏን ከፈተች፤ አባቷ ዲዳን አቅፈው ነበር። አፏን ዘጋች።

ችግኞቹ ጥላ ሥር ቆይተው የቦረና የጥቅምት ዝናብ ሲጥል ተተከሉ። ዲዳ ሜጋ ከተማ ሥራ አገኘና ሄደ። ሐረገወይን ነገሌ ተመደበች። አባትና ልጅ እንደ ድሮው ባልዲ ይዘው አመሻሽ ላይ መዞር ጀመሩ፤ ይህን ነበር በሕልሟም በውኗም የተመኘችው። ግን የሚዞሩት የዲዳን ማንጎ ለማጠጣት ነው። ስማቸው እንደዚያ ሆነ። "የዲዳ ማንጎ ቅጠል አወጣ።" "ፍየል የዲዳን ማንጎ እንዳይበላ።" እንግዳ ሲመጣ ቡና ሳይቀርብ በፊት የዲዳ ማንጎ ይታያል። ሐረገወይን ከሰው አልፋ በዛፍ መቅናት ጀመረች። የባሰው ደግሞ ዛፎቹ የውሸት መሆናቸውን ታውቃለች፤ በውሸቱም ትቀናለች።

በ2003 ድርቁ መጣ። ጀሪካን ውሃ እንደ ዘይት ተወደደ። አቶ ገብረወልድ ጡረታ ወጥተዋል፤ ሎሚውን ተዉት፣ ፓፓያውን ተዉት፣ የዲዳን ማንጎ ግን አልተዉም። ፊታቸውን የሚታጠቡት ዛፎቹ ሥር ጎንበስ ብለው ነበር፤ ዛሬ ለአንዱ፣ ነገ ለሌላው። ለሻይ የሚሆነውን ቀንሰው ለዛፍ ሲያፈሱ ወይዘሮ ሮማነወርቅ ተቆጡ። "አደራ ነው" አሉ አቶ ገብረወልድ። "ልጁ ሲመጣ ደረቀ ልለው ነው?"

ሐረገወይን ከኋላቸው ቆማ የአባቷን አንገት አየች። ቀጥኗል። "ተዋቸው አባዬ፣ ተራ ማንጎ ናቸው" ማለት ብቻ ነበር። ሌላም መንገድ ነበራት፤ ሥራዋ ነው፤ ዛፉን ከላይ ቆርጦ አዲስ ቀንበጥ ማዳቀል ለገበሬ በየሳምንቱ ታስተምራለች። ግን አባቷ ፊታቸውን እየታጠቡ ያሳደጉትን ዛፍ ምን ብላ ትቁረጥ? በዚያች ደቂቃ ደግሞ፣ ከነገረችኝ ሁሉ ለመናገር የከበዳት ይህ ነው፣ ለዲዳ እንዲህ የሚሆኑት አባቷ ለሷ ፊታቸውን ታጥበው ያውቁ እንደሆነ ነበር የምታስበው። አልተናገረችም። የራሷን ድርሻ ውሃ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ለዛፎቹ ሰጠች።

ዛፎቹ አልሞቱም። በ2004 ግንቦት ላይ አፈሩ።

አቶ ገብረወልድ ዲዳን ከሜጋ አስጠሩት። ጎረቤታቸው ባለሱቁ ሳቢርም ተጠራ። እሑድ ነበር፤ ዛፎቹ ሥር ወንበር ወጣ። አቶ ገብረወልድ ከነጩ ሸሚዛቸው ላይ ኮት ደርበው ነበር። ፍሬው ብጫ ነው፤ ግን ትንሽ ነበር። ሐረገወይን ሳሕኑን ይዛ ቀረበች።

"ባለዛፉ ይቁረጥ" አሉ አቶ ገብረወልድ፤ ቢላዋውን ለዲዳ ሰጡት።

"የለም ጋሼ። ወተቱን ባለላሙ አይቀድምም። አንቱ ይቅመሱት።"

አቶ ገብረወልድ ገመጡ። አኘኩ። "ይጣፍጣል" አሉ፤ ጥርሳቸው ውስጥ የገባውን ክር በጣታቸው እየጎተቱ። "እግዜር ይስጥህ፣ በጣም ይጣፍጣል።"

ዲዳ ክሩን አየ። አንድ አንሥቶ ገመጠ። ፊቱ ሲጠቁር ሁሉም አየው። የገመጠውን ሳይውጥ ተነሣ።

"ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ" አለ። "ይሄ ያ አይደለም። ይሄ የአጥሩ ሥር ማንጎ ነው። ስቆርጠው... ማለቴ ሳዳቅለው ልጡ ግራጫ መስሎኝ ነበር። ያቺ ልጧ ቀላ ይላል። አይቼዋለሁ እኮ! ወረቀቱ ግን ያቺ ናት ይል ነበር። ከተጻፈው እኔ አልበልጥም ብዬ ተውኩት። አራት ዓመት ተኩል በከንቱ አለፋሁዎት።"

"እኔ ሱቅ ከሚሸጠው በምን ያንሳል ወንድሜ?" አለ ሳቢር፣ ሌላ ፍሬ እያነሣ፤ ነገሩን ለማብረድ ነው።

አቶ ገብረወልድ ከወንበራቸው ተነሡ። የዲዳን ጭንቅላት በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ደረታቸው አስጠጉት። "አይዞህ ልጄ" አሉ። "ዐይንህ አልተሳሳተም፣ ሰማህ? ዐይንህ አይቶ ነበር።"

ያን ጊዜ ነው ሐረገወይን የተናገረችው።

ሕሊናዋ ገፍቷት እንዳይመስላችሁ። ሕሊና አምስት ዓመት ያህል ጊዜ ነበረው። ያናገራት ቅናት ነው። ሰውየው ተሳስቶ እንኳ ያችን እቅፍ አገኘ፤ ባላጠፋው ጥፋት እንኳ እሷን በለጣት። ጥፋቱ የሷ ነው፤ እሱንም ሊወስድባት ነው እንዴ?

"እኔ ነኝ!" ብላ ጮኸች። ሳሕኑ ከእጇ ወደቀ። "ወረቀቱን የለዋወጥኩት እኔ ነኝ! እሱ ምንም አላጠፋም፣ ምንም አያጠፋም፣ መቼም አጥፍቶ አያውቅም! እኔ ነኝ አባዬ። ጥሩውን እኔ ወሰድኩት፤ ለአንተ ላመጣልህ ነበር። በእጄ ደረቀ።"

ሳቢር የያዘውን ማንጎ ቀስ ብሎ አስቀመጠ። ወይዘሮ ሮማነወርቅ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ዲዳ ወደሷ ዞረ። የቁጣ ቃል ብትጠብቅም አልመጣም።

"ብትጠይቂኝ እኮ ሁሉንም እሰጥሽ ነበር" አለ። "መድረሻው አንድ ቤት ነበር።"

ይህን ብሎ ወደ በሩ ሄደ። አጥሩን ይዞ ጀርባውን ሰጥቷቸው ቆመ።

አቶ ገብረወልድ ወደ ቤት ገቡ። ሐረገወይን ከእንግዲህ ፊታቸውን አያሳዩኝም ብላ ነበር። መጋዝ ይዘው ወጡ።

"ለገበሬው ታስተምሪ የለም እንዴ፣ ከላይ ቆርጦ እንደገና ማዳቀል?" አሉ። "ነይ። ቁረጪ።"

እየጮኸች አለቀሰች፣ ግን ቆረጠች። ዛፉን ከወገቡ ላይ በመጋዝ ትቆርጣለች፣ የላይኛው ይወድቃል፣ አባቷ ቅርንጫፉን ጎትተው ወደ ዳር ያደርጋሉ። ወደሚቀጥለው ያልፋሉ። ዐይናቸው ከእጇ አልተነሣም። ዕድሜዋን ሙሉ እጇን እንዲያዩላት ስትመኝ የኖረች ሴት፣ አሁን አዩላት። ዘጠኝ ዛፍ ተቆረጠ። አሥረኛው ጋ ስትደርስ መጋዙን ያዙባት።

"ይቺን ተያት።"

እሷ መጋዙን ለቀቀችላቸው።

ዲዳ ሰላም ብሎ ሄደ፤ ለወራት ድምፁ ጠፋ። ከተቆረጡት ግንዶች አዲስ ቀንበጥ ወጣ። ጥቅምት ላይ ዝናቡ ሲጥል፣ ሳይደውል መጣ። ዶክተር ደቻሳ ጋ ሄዶ ነበር። ብብቱ ሥር ሁለት እስር ይዟል፤ ሁለቱንም ሐረገወይን ፊት ዘረጋቸው። ወረቀት አልታሰረባቸውም።

"ዶክተር በሽቦ አስረው ነበር፤ እኔ ነኝ የፈታሁት" አለ። "አንዱ ያቺ ናት፣ አንዱ የአጥሩ ሥር። እይና ለዪ።"

ሐረገወይን ባርኔጣዋን አወለቀች። እንጨቶቹን ወደ ብርሃን አቀረበች፣ አዞረች፣ በጥፍሯ ነካች። ብዙ ቆየች። አንደኛው ልጡ ትንሽ ቀላ ይላል። ያን አነሣች።

"ኤዬ" አለ ዲዳ። ከዚያ ቅርንጫፉን ያዘላት፤ እሷ ሰነጠቀች፣ አስገባች፣ አሰረች። ዘጠኙንም አብረው ጨረሱ። ማታ እሱ አልጋ ሲነጠፍለት አልሄድም አላለም፤ ያን ጊዜ ይቅር እንዳላት ገባት። ይቅር መባሏም ትንሽ አናደዳት። እንዲህ ናት።

ዛሬ ዘጠኙ ማንጎ ትልልቅ ናቸው። ከእነሱ የተቆረጠ ቀንበጥ ገናሌ ወንዝ ዳር ባሉ ገበሬዎች ማሳ ሁሉ ደርሷል፤ የሚያዳርሰው የሐረገወይን እጅ ነው፤ በእያንዳንዱም እስር ላይ በራሷ ጽሑፍ ወረቀት ታስራለች፣ ካሰረችም በኋላ ልጡን ሳታይ አትሰጥም። ገበሬው የሚጠራቸው ግን የዲዳ ማንጎ እያለ ነው። አሁንም ስትሰማው አንድ ነገር ቆንጠጥ ያደርጋታል፤ አትዋሽም፣ ያደርገኛል ትላለች።

አቶ ገብረወልድ ሰማንያን አልፈዋል፤ ምርኩዝ ይዘው ግቢውን ለእንግዳ ያዞራሉ። "ይሄ የዲዳ ነው፣ ያ የዲዳ ነው፣ ያም የዲዳ ነው" እያሉ ዘጠኙን ይቆጥራሉ። ጥጉ ላይ ያለችው፣ ፍሬዋ ትንሽ፣ ክራም፣ መጋዝ ያልነካት አሥረኛዋ ጋ ሲደርሱ ምርኩዛቸውን ይተክላሉ።

"ይቺ ደግሞ የሐረግ ናት" ይላሉ።

እንግዳው ለምን ከሌሎቹ እንዳነሰች ሲጠይቅ ምርኩዛቸውን ነቅለው ያልፋሉ። ባፈራች ቁጥር ከፍሬዋ አንድ ሳይቀምሱ አይቀሩም፤ ክሩን ከጥርሳቸው እየጎተቱ፣ ልጃቸው እያየች። አመሻሽ ላይ ባልዲው ሲወጣ ግን አባትና ልጅ ማጠጣት የሚጀምሩት ከሷ ነው።